አፍራሹን ያስቆማል፣ ጣሪያውን አይደፍንም፦ የኒው ዮርክ የቅርስ ኮሚሽን ለአሮጌ ቤተ እምነቶች ምን ያህል ይጠቅማል?

ማንሃተን ውስጥ አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ወይም ምኩራብ ሊሸጥ ነው ከተባለ፣ ሰፈርተኛው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የላንድማርክስ ፕሪዘርቬሽን ኮሚሽንን በር ነው። ከዚህ በኋላ ባጭሩ ኮሚሽኑ እንበለው። ፔን ስቴሽን የተባለው ታላቅ የባቡር ጣቢያ በ1963 መፍረስ ሲጀምር ከተማው ተቆጣ፤ በ1965 በወጣ ሕግም ይህ መሥሪያ ቤት ሥልጣን አገኘ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ በጥበቃው ሥር ከ38 ሺህ በላይ ሕንፃዎችና ቦታዎች አሉ። ሕንፃ ይመዝገብልን ብሎ መጠየቅ ነፃ ነው፤ ጠበቃ አያስፈልግም፤ የሕንፃው ባለቤት መሆንም ግዴታ አይደለም። ባለቤቱ ቢቃወም እንኳ ኮሚሽኑ መመዝገብ ይችላል፤ ሌሎች ብዙ የአሜሪካ ከተሞች እዚህ ላይ ይፈራሉ።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ዶዘር በማስቆም ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል። በፍጥነት ሁለት። ጥገናን በገንዘብ በመደገፍ አንድ፣ እሱንም በይሉኝታ። ሦስቱን ውጤቶች ለይቶ ያላየ ሰፈር የምዝገባ ወረቀቱን በእጁ እንደያዘ ሕንፃውን ሊያጣ ይችላል።

አልሚዎች ቤተ እምነት ላይ ዓይናቸውን ለምን እንደሚጥሉ ለመረዳት አንድ ስሌት ይበቃል። የከተማው የዞን ሕግ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ስንት ካሬ ጫማ ወለል መሥራት እንደሚቻል ይወስናል። ቦታው 10 ሺህ ካሬ ጫማ ቢሆንና ሕጉ የቦታውን 6 እጥፍ ቢፈቅድ፣ 60 ሺህ ካሬ ጫማ መሥራት ይቻላል። ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራው ቤተ ክርስቲያን 15 ሺውን ብቻ ከተጠቀመ፣ 45 ሺህ ካሬ ጫማ ሳይሠራበት ከጣሪያው በላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ገዢው ብሩን የሚያፈስሰው ለዚህ አየር እንጂ ለግንቡ አይደለም። በዚያ ላይ ቤተ እምነቶች ብዙ ጊዜ የሚገኙት ማዕዘን ቦታ ላይ ነው፤ የሚደራደሩት አንድ ባለቤት ብቻ አለ፤ ካሣ ከፍሎ የሚያስወጡት ነዋሪ የለም። የሰፈራችሁን ሕንፃ ቁጥር ለማወቅ ዞላ በሚባለው የከተማው የኢንተርኔት ካርታ ላይ አድራሻውን አስገቡ፤ የቦታው ስፋት፣ የሕንፃው ስፋትና የተፈቀደው እጥፍ ይወጣላችኋል። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ወሬ እስኪመጣ አትጠብቁ።

ማመልከቻው የግምገማ ጥያቄ ይባላል፤ በኢሜይል ይላካል። ቅጹ አጭር ነው፤ ሚዛን የሚደፋው አባሪው ነው። ሕንፃው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ለአሮጌ ቤተ እምነት ይሄ ምኑም አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚመዘነው ሁለት ነገር ነው፦ ታሪኩ ወይም ውበቱ ከሌላው ይለያል ወይ? የውጭ ገጽታውስ ሳይነካ ቆይቷል? ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው ሁለተኛው ላይ ነው። ደወል ማማው የተቆረጠ፣ የፊት ድንጋዩ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ መስኮቶቹ በአልሙኒየም የተቀየሩ ሕንፃ ስንት ትውልድ ቢዳርበትም ቢቀበርበትም ኮሚሽኑን ማሳመን ይከብደዋል።

ስለዚህ አባሪው ላይ ስብከት አትጻፉ፤ ማስረጃ ደርድሩ። ከተማው ለግብር ግምት ሲል ከ1939 እስከ 1941 ባሉት ዓመታት በአምስቱም ክፍላተ ከተማ ያሉ ሕንፃዎችን እየዞረ ፎቶ አንስቷል፤ ፎቶዎቹ በከተማው ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ በነፃ ይታያሉ። የእናንተን ሕንፃ አውጡና ዛሬ ከዚያው አቅጣጫ፣ ከዚያው ርቀት ከተነሣ ፎቶ ጎን አስቀምጡት። በሩ፣ መስኮቱ፣ የጣሪያው ጠርዝ፣ ማማው አንድ በአንድ አልተለወጠም ብላችሁ ምልክት አድርጉበት። ይህ አንድ ገጽ ከአሥር ገጽ ልመና ይበልጣል። አርክቴክቱ ማን እንደሆነና መቼ እንደተሠራ ከሕንፃ መምሪያው የድሮ የግንባታ ፈቃድ መዝገብ ፈልጉ። የብሎክና የሎት ቁጥሩን፣ ማለትም የቦታውን የከተማ መለያ ቁጥር፣ አትርሱ። ኮሚዩኒቲ ቦርድ የሚባለው የሰፈሩ አማካሪ ጉባኤ የድጋፍ ውሳኔ ካለ አያይዙ፤ የምክር ቤት አባላችሁ ደብዳቤ ካለ ደግሞ ከሁሉም በላይ አድርጉት። ምክንያቱ በኋላ ይመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉድለት። ጥያቄው ከተላከበት ቀን ጀምሮ ኮሚሽኑ ጉዳዩን በአጀንዳ ለመያዝ ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ ሕንፃው ምንም ዓይነት ጥበቃ የለውም። ለዚህ ጊዜ የቀን ገደብ አልተቆረጠለትም። ሰነዱ ወር ቢተኛም፣ ዓመት ቢተኛም ይግባኝ የሚባልበት ቦታ የለም። አጀንዳ ላይ ከዋለ በኋላ ነው ነገሩ የሚለወጠው። የማፍረስ ወይም የመለወጥ ፈቃድ ሲጠየቅ የሕንፃ መምሪያው ለኮሚሽኑ ያሳውቃል፤ ኮሚሽኑም እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ወይ ይመዘግባል ወይ ከባለቤቱ ጋር ይደራደራል። በ2016 በወጣው ደንብ መሠረት አጀንዳ ላይ የዋለ ነጠላ ሕንፃ በአንድ ዓመት ውስጥ ውሳኔ ማግኘት አለበት፤ ባለቤቱ ከተስማማ አንድ ዓመት ይጨመራል። ለአንድ ሰፈር ሙሉ ቅርስነት ደግሞ ሁለት ዓመት ነው።

በክፍተቱ ውስጥ የሚሠራው ተንኮል የታወቀ ነው። ባለቤቱ ኮሚሽኑ እያሰበበት መሆኑን ይሰማል። ወዲያው የጥገና ፈቃድ አውጥቶ የጣሪያውን ጠርዝ፣ የበሩን ቅርጻ ቅርጽ፣ የመስኮቱን ድንጋይ ያስፈለፍላል። ኮሚሽነሮቹ ሲመጡ የሚያዩት የተላጨ ግድግዳ ነው፤ የውጭ ገጽታው ተነክቷል ተብሎ ጥያቄው ይወድቃል። ሌላም አለ፦ ከምዝገባው በፊት በደንቡ የወጣ የሥራ ፈቃድ ከምዝገባው በኋላም ይሠራል። የሽያጭ ውሉ ተፈርሞ፣ የማፍረስ ፈቃዱ ወጥቶ፣ አጥሩ ከታጠረ በኋላ የሚላክ ማመልከቻ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ቀድሞ ለማወቅ ሦስት መስኮት አለ። አንደኛው የሕንፃ መምሪያው የኢንተርኔት መዝገብ ነው፤ በአድራሻ ተፈልጎ የማፍረስ ማመልከቻ መግባት አለመግባቱ ይታያል። ሁለተኛው አክሪስ የሚባለው የከተማው የንብረት ሰነድ መዝገብ ነው፤ የባለቤትነት ዝውውር፣ ብድር፣ አንዳንዴም የሽያጭ ውል ማስታወሻ እዚያ ይመዘገባል። ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ የግዛቱ የሃይማኖት ድርጅቶች ሕግ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ በዚህ ሕግ የተቋቋመ ማኅበረ ምእመናን ንብረቱን ሲሸጥ የፍርድ ቤት ወይም የግዛቱን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። አባላት ሽያጩ ለማኅበሩ አይጠቅምም ብለው የሚከራከሩበት በር ይህ ነው፤ ተራ ጎረቤት ግን እዚያ ብዙ ቦታ የለውም። የምእመናኑ ጉባኤ የተጠራበትን ቃለ ጉባኤ፣ የድምፁን ቁጥርና የዋጋ ግምቱን አጥብቃችሁ ጠይቁ።

የሕዝብ ችሎቱ ራሱ የአገልግሎቱ ጥሩ ክፍል ነው ማለት ይቻላል። አሥራ አንድ ኮሚሽነሮች አሉ፤ ቢያንስ ሦስቱ አርክቴክቶች፣ አንዱ የታሪክ ምሁር፣ አንዱ የሪል ስቴት ባለሙያ እንዲሆኑ ሕጉ ያዛል። ስብሰባው ብዙ ጊዜ ማክሰኞ ይውላል፤ በዩቲዩብ ይተላለፋል፤ ከቤት ሆኖ መናገር ይቻላል። ለአንድ ተናጋሪ የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። ሃያ ሰው ተነሥቶ አንድ ዓይነት ነገር ሲደግም ኮሚሽነሮቹ ስልካቸውን ያያሉ፤ አንዱ ስለ ድንጋዩ፣ አንዱ ስለ መሥራቾቹ፣ አንዱ ስለ ዛሬው አገልግሎት ከተከፋፈለ ይሻላል። ድምፁ እንደተሰጠ ምዝገባው በዚያው ዕለት ይጸናል። ነገር ግን አላለቀም። የከተማ ፕላን ኮሚሽን በ60 ቀን ውስጥ አስተያየት ያቀርባል፤ የከተማው ምክር ቤት ደግሞ በ120 ቀን ውስጥ ሊያሻሽለው ወይም ሊሽረው ይችላል። ምክር ቤቱ 51 አባላት አሉት፤ በልማድ ግን የሚሰሙት ሕንፃው ያለበትን ወረዳ ተወካይ ነው። የተወካዩ ደብዳቤ ከላይ ይሁን ያልነው ለዚህ ነው።

ከምዝገባ በኋላ ምን ይመጣል? ይህኛው ለሐበሻ ማኅበረ ምእመናን ይበልጥ ይመለከታል፤ በአሜሪካ ከተሞች ብዙዎቹ የሚያመልኩት ሌሎች የሠሩትን ሕንፃ ገዝተው ወይም ተከራይተው ነውና። (ስሟ ከእኛ የተያያዘው የሃርለሟ አቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በ1808 የተመሠረተች ስትሆን፣ በ1923 የተጠናቀቀው የአሁኑ ሕንፃዋ በ1993 ተመዝግቧል። ኦርቶዶክስ አይደለችም፤ መንገደኛ ሐበሻ ግን ስሟን አይቶ ሳይቆም አያልፍም።)

መልካሙ ዜና፦ ሕጉ የአምልኮ ቦታን የውስጥ ክፍል ከቅርስ ምዝገባ ነፃ አድርጎታል። አግዳሚ ወንበሩን ማንሣት፣ መቅደሱን በግድግዳና በመጋረጃ መለየት፣ ቅኔ ማኅሌት ማበጀት፣ ሥዕል ማስገባት፣ ምንጣፍ ማንጠፍ፣ የጫማ መደርደሪያ ማቆም የኮሚሽኑ ጉዳይ አይደለም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፦ ውስጥ የሚሠራው ግድግዳ የሕንፃ መምሪያ ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ሥራው የውጭውን እንደማይነካ የሚገልጽ ወረቀት ከኮሚሽኑ አስቀድሞ ማውጣት ያስፈልጋል። ይህን ዘልለው ኮንትራክተር ያስገቡ ኮሚቴዎች ሥራው መሐል ላይ ይቆምባቸዋል፤ ኮንትራክተሩ ግን የቀን ሒሳቡን አይተውም።

ውጩ ሌላ ነገር ነው። በጣሪያው ላይ ጉልላትና መስቀል መጨመር፣ በር መቀየር፣ የአካል ጉዳተኛ መወጣጫ፣ በግድግዳ ላይ የሚወጣ የአየር ማቀዝቀዣ፣ ታፔላ፣ ድምፅ ማጉያ መትከል፣ የብረት አጥር ሁሉ ፈቃድ ይፈልጋሉ። ፈቃዱ ሦስት ዓይነት ነው። የሕንፃ መምሪያ ፈቃድ የማይፈልግ ቀላል ሥራ በነፃ ይስተናገዳል፤ ሰነዱ ከተሟላ በ20 የሥራ ቀን። የሕንፃ መምሪያ ፈቃድ የሚፈልግ ሆኖ ቅርሱን የማይነካ ከሆነ 30 የሥራ ቀን። መልኩን የሚለውጥ ከሆነ ወደ ሕዝብ ችሎት ይሄዳል፤ እስከ 90 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በፊት የኮሚዩኒቲ ቦርዱ አስተያየት አለ። የማመልከቻው ክፍያ ከሥራው ዋጋ አንፃር ትንሽ ነው፤ ኪስ የሚጎዳው የአርክቴክቱ ሥዕልና የማቴሪያል ናሙናው ነው። ቁልፉ ሰነዱ ከተሟላ የሚለው ላይ ነው። ፎቶ ጎድሎ፣ የቀለም ናሙና ጎድሎ፣ የማቴሪያሉ ዝርዝር ጎድሎ ሰነዱ ሲመለስ ቀኑ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። የተሰበረ መስታወት መተካት፣ በዚያው ቀለም መቀባት፣ በመስኮትና በበር ዙሪያ ያለ ክፍተት መድፈን ተራ ጥገና ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም።

እስካሁን ያለው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ብቻውን የት እንደሚያደርስ ለማየት ሎወር ኢስት ሳይድና ኢስት ቪሌጅ የተባሉትን የማንሃተን ሰፈሮች በእግር መዞር ይበቃል፤ ሦስቱ ቦታዎች አንድ ማይል አካባቢ ውስጥ ናቸው።

ኖርፎልክ ጎዳና ላይ የነበረው ቤት ሃሜድራሽ ሃጋዶል ምኩራብ በ1850 ለባፕቲስቶች የተሠራ፣ ከ1885 ጀምሮ የአይሁድ ማኅበር የገባበት ሕንፃ ነበር። በ1967፣ ኮሚሽኑ ገና ሁለት ዓመቱ ሳለ፣ ተመዘገበ። ከዚህ የበለጠ ቀደምት ጥበቃ ብዙ አይገኝም። ማኅበሩ ግን አነሰ፤ ጣሪያው ተጎዳ፤ በ2007 ሕንፃው ተዘጋ። በ2012 መጨረሻ ባለቤቱ ይፍረስልኝ ብሎ አመለከተ፤ ኋላም ማመልከቻውን አነሣ። ሕንፃው ባዶውን ቆሞ በሜይ 2017 በእሳት ጋየ። ከዚያ በኋላ አብዛኛው እንዲፈርስ ኮሚሽኑ ራሱ ፈቀደ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በሕግ የተጠበቀ ሕንፃ ነው።

አቬኑ ቢ ላይ ያለው የቅድስት ብሪጂድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1848 ግድም በአይርላንድ ስደተኞች ተሠራ። በ2001 ተዘጋ፤ በ2006 አፍራሾች ገብተው ግድግዳውን በሱ፣ መስታወቱን ሰበሩ። ምዕመናኑ ፍርድ ቤት ሄደው ጊዜ ገዙ። በ2008 ስሙ ያልተገለጸ ሰው 20 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፤ ሕንፃው ታድሶ በ2013 ተከፈተ። ኮሚሽኑ ሕንፃውን አልመዘገበውም ነበር።

ሦስተኛው፣ ምሥራቅ 12ኛ ጎዳና ላይ የነበረው ሜሪ ሄልፕ ኦቭ ክርስቲያንስ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ ወረቀትም ገንዘብም አላገኘም። በ2012 በ41 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ ሰፈርተኛው ይመዝገብ ቢልም ኮሚሽኑ አልተቀበለም፤ በ2013 ፈረሰ፤ ዛሬ ቦታው ላይ የመኖሪያ አፓርትመንት አለ።

ሕንፃን የሚገድለው ብዙ ጊዜ አልሚው ሳይሆን አሸንዳው ነው። ቅጠል የውኃ መውረጃውን ይዘጋል። ውኃው ከጣሪያው ጠርዝ ጀርባ ይቋጥርና ወደ ግድግዳው አናት ይሰርጋል። ክረምት ላይ ይቀዘቅዛል፤ በረዶ ሲሆን ወደ 9 በመቶ ስለሚሰፋ ድንጋዩን ከማያያዣው ይገነጥለዋል። ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው የጣሪያ እንጨት ጫፍ ደግሞ ከውጭ ሳይታይ ይበሰብሳል። ውስጥ ያለው ሰው የሚያየው ኮርኒሱ ላይ የወጣች ቡናማ ክብ ብቻ ናት፤ በነጭ ቀለም ይሸፍናታል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። አሥር ዓመት ቆይቶ የሕንፃ መምሪያው ለሕይወት አስጊ ነው ብሎ እንዲፈርስ ካዘዘ፣ ኮሚሽኑ ሊያግደው አይችልም። ሕጉ ባለቤቱ ሕንፃውን በደህና እንዲይዝ ያስገድዳል፣ ቅጣትም አለው፤ ገንዘብ የሌለውን ማኅበር መቅጣት ግን ጣሪያ አይሆንም።

ጥገና ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች አሉ። አንደኛው ቅደም ተከተል ነው፦ ኮሚቴው መጀመሪያ ለምንጣፍና ለቀለም ያወጣል፤ ጣሪያው ለሚቀጥለው ዓመት ይባላል። ትክክለኛው ጣሪያና አሸንዳ፣ ቀጥሎ ግድግዳ፣ ቀጥሎ መስኮት፣ ቀለም መጨረሻ ነው። ሁለተኛው ሲሚንቶ ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጡብና ቡናማ አሸዋ ድንጋይ የተያያዙት በኖራ ነው፤ ኖራ ለስላሳ ስለሆነ እርጥበቱን ያስወጣል። ግንበኛው በጠንካራ ሲሚንቶ ከደፈነው እርጥበቱ በድንጋዩ ፊት ለመውጣት ይገደዳል፤ በጥቂት ክረምት ውስጥ ድንጋዩ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ሲሚንቶውን መልሶ ማውጣት ከመጀመሪያው ሥራ ይበልጣል። ሦስተኛው ባለቀለም መስታወቱን ለመከላከል ከውጭ የሚለጠፈው ፕላስቲክ ነው። አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ካልተተወለት በመሐሉ ሙቀትና ጤዛ ይታሰርና መስታወቶቹን የሚያያይዘውን የእርሳስ ብረት ያጣምመዋል። ስሌት በሚባለው በስሱ የተፈለጠ ድንጋይ የተከደነ ጣሪያ ካላችሁ ደግሞ ፈጥናችሁ አታስነቅሉት፤ ድንጋዩ ከ75 ዓመት በላይ ይኖራል፤ ቀድሞ የሚያልቀው ሚስማሩና በመገናኛው ላይ ያለው ቆርቆሮ ነው። የተሰበረውን መተካት ብዙ ጊዜ ይበቃል። አሸንዳውን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ቅጠል ከረገፈ በኋላና ክረምቱ ሲወጣ፣ ማስጠረግ ከሁሉ የረከሰ ቅርስ ጥበቃ ነው።

ገንዘቡን ኮሚሽኑ ጋ አትፈልጉ። ስሙ ቢመሳሰልም የተለየ የሆነው ኒው ዮርክ ላንድማርክስ ኮንሰርቫንሲ የተባለ የግል ድርጅት ከ1986 ጀምሮ ሴክረድ ሳይትስ በተባለ ፕሮግራም ለቤተ እምነት ጥገና ይሰጣል፤ ባለሙያ ቀጥሮ የሕንፃውን ሁኔታ ለማስጠናትም ይረዳል። ናሽናል ፈንድ ፎር ሴክረድ ፕሌስስ ደግሞ ከ2016 ጀምሮ በመላ አሜሪካ ከ50 ሺህ እስከ 500 ሺህ ዶላር ይሰጣል። ሁለቱም ማኅበሩ ከራሱ እንዲያዋጣ ይጠይቃሉ። ለኮንሰርቫንሲው እርዳታ ሕንፃው በግዛቱ ወይም በብሔራዊው የታሪክ ቦታዎች መዝገብ መግባቱ ይረዳል። ብዙ ሰው ብሔራዊ መዝገቡን ከኮሚሽኑ ምዝገባ ጋር ያምታታል። ብሔራዊው ባለቤቱ በራሱ ገንዘብ ሕንፃውን ከማፍረስ አያግደውም፤ የእርዳታ በር ግን ይከፍታል። የከተማው ደግሞ ያግዳል። ሁለቱንም ያዙ።

ትልቁ ገንዘብ ያለው ከጣሪያው በላይ ያለው አየር ላይ ነው። የፓርክ አቬኑው የቅዱስ በርተሎሜዎስ ቤተ ክርስቲያን በ1967 ተመዝግቦ፣ በ1980ዎቹ አጠገቡ ያለውን የማኅበር ቤቱን አፍርሶ የቢሮ ሕንፃ ለማቆም ሞከረ፤ መጀመሪያ 59፣ ቀጥሎ 47 ፎቅ። ኮሚሽኑ ከለከለ። የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1990 ለከተማው ፈረደ፦ ባለው ሕንፃ ሃይማኖታዊ ተልዕኮውን መቀጠል እንደማይችል ቤተ ክርስቲያኑ አላስረዳም አለ። ጊዜ አለፈና በ2017 የምሥራቅ ሚድታውን የዞን ሕግ ሲሻሻል፣ በዚያ አካባቢ የተመዘገቡ ሕንፃዎች ያልተሠራ ወለላቸውን ራቅ ላለ አልሚም እንዲሸጡ ተፈቀደ፤ ከሽያጩ ቢያንስ 20 በመቶው ለአካባቢው የሕዝብ ቦታዎች ይሄዳል። ያው ቤተ ክርስቲያን 50 ሺህ ካሬ ጫማ ገደማ ለጄፒ ሞርጋን ባንክ አዲስ ዋና መሥሪያ ቤት ሸጠ። ሕንፃው አልተነካም። ከዚያ አካባቢ ውጭ ግን ብዙ ጊዜ የሚገዛችሁ ጎረቤት ቦታ ያስፈልጋል፤ ዙሪያው ሞልቶ የተሠራ ከሆነ አየሩ ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ባለቤቱም መውጫ አለው፤ ሃርድሺፕ የሚባለው የችግር አቤቱታ። ግብር የማይከፍል ድርጅት አራት ነገር ማስረዳት አለበት፦ ፈቃድ ከተገኘ የሚጸና እውነተኛ የሽያጭ ውል እንዳለው፣ ሕንፃው ተመጣጣኝ ትርፍ ሊያስገኝ እንደማይችል፣ ለተልዕኮው ብቁ አለመሆኑን፣ ገዢው ወዲያው ሊያፈርስ ወይም ሊለውጥ እንደሚፈልግ። በአምስተርዳም አቬኑና በ86ኛው ጎዳና ማዕዘን ያለው ዌስት ፓርክ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን በ2010 ባለቤቱ ሳይፈልግ ተመዘገበ፤ በ2022 በ33 ሚሊዮን ዶላር ውል ይህን አቤቱታ አቀረበ፤ በጃንዋሪ 2024 ከድምፁ በፊት አነሣው። ክርክሩ ያረፈው ጥገናው ስንት ይፈጃል በሚለው ላይ ነበር፤ የሁለቱ ወገን መሐንዲሶች ግምት የሰማይና የምድር ያህል ተራራቀ። ሰፈርተኛ ሆናችሁ ስትከራከሩ የራሳችሁ መሐንዲስ ከሌላችሁ የባለቤቱ ቁጥር ብቻውን ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ገንዘብ አዋጥታችሁ የምትቀጥሩት የመጀመሪያ ሰው ጠበቃ ሳይሆን መሐንዲስ ይሁን።

ኮሚሽኑ አይሆንም ካለስ? ባለቤቱ ፈቃደኛ ከሆነ የውጭ ገጽታውን ለዘለቄታው የሚጠብቅ ግዴታ በንብረቱ ሰነድ ላይ ማስመዝገብ ይቻላል፤ ኮንሰርቫንሲው እንዲህ ያሉ ግዴታዎችን ይይዛል፤ ባለቤት ቢቀያየርም አብሮ ይተላለፋል። የንብረቱን ዋጋ ስለሚቀንስ ግን በችግር ላይ ያለ ማኅበር አይወደውም። ሌላው መንገድ ለሌላ ማኅበረ ምእመናን መሸጥ ነው። ዋጋው አልሚው ከሚሰጠው ያንሳል፤ ስለዚህ ሻጩ ጨረታ ከመክፈቱ በፊት፣ ገና አባላቱን እያማከረ ሳለ፣ የባንክ ማረጋገጫና የጣሪያ ጥገና ግምት ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል። ቦታ የሚፈልግ የሐበሻ ኮሚቴ ይህን ያስብበት፤ ሲገዛም ዋጋውን ከመስማማቱ በፊት ጣሪያው ላይ ሰው ያውጣ።